«ጠፍቷል» ያልኩት መብራት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቴክኒሺያን በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ፓኔል ላይ ያለች አረንጓዴ ኤልኢዲ መብራት ናት። «ጋሼ፣ ፒኤልሲው አጥፍቷታል፤ እሷ ግን ደብዘዝ ብላ ትበራለች። ሊኬጅ ነው ብዬ ልተዋት?» ይላል። (ፒኤልሲ ማሽኑን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ሊኬጅ ደግሞ ጠፍቶም ሾልኮ የሚያልፍ ከረንት።) መልሱ በአንድ መስመር ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

1998 ዓ.ም. አንድ ዱቄት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ከኮንቬየሩ በላይ፣ ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ መስመሩ እስከሠራ ድረስ ብልጭ ድርግም የሚል የማስጠንቀቂያ መብራት ነበረን። የሚያበራው ተራ ሪሌይ (በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ) ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይሞታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ኮንታክቱ (እየገጠመ የሚላቀቀው ብረት) 100,000 ጊዜ ይችላል ቢባል፣ በሰከንድ አንዴ ሲመታ 28 ሰዓት ግድም ነው። አሥር እጥፍ ቢቋቋም እንኳ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ስለዚህ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ፣ በአጭሩ ኤስኤስአር፣ ያለ ተንቀሳቃሽ አካል የሚያበራና የሚያጠፋውን ገጠምኩ። ቀጭ ቀጭ የለ፣ የሚያልቅ ኮንታክት የለ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ያኔ አምፖሉ የክር አምፖል ነበር። ኤስኤስአሩ ሲጠፋም የሚያፈስሳት ትንሽ ከረንት ክሩን ስለማታግለው ሲጠፋ የጠፋ ይመስላል። በኋላ ከመርካቶ ኤልኢዲ አምጥተን ቀየርነው። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ደህና አድርጎ ጠፍቶ አያውቅም። ሠራተኛው ሲጠይቀኝ «ምንም አይደለም፣ ሊኬጅ ነው» እላለሁ። ቃሉን ወድጄው ነበር። ሊቅ ያስመስላል።

አንድ ቀን የመብራቱ ሽፋን ተሰነጠቀና ሊቀየር ሆነ። የሚወጡት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። (አሁን እኔው ጋሼ ሆኛለሁ።) የብረት መሰላሉ ላይ ሆነው ወደ ታች አዩኝ። «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ኃይል የለውም አይደል?» «የለውም ጋሼ፣ ከፒኤልሲው ጠፍቷል።» ብሬከሩ ከእኔ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። ማውረድ ግን መስመሩን ሊያዘገይ ነበር፤ የፈረቃ አለቃው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

የሽቦውን ጫፍ ሲነኩ ሰውነታቸው ሲደነግጥ አየሁ። የሚገድል አልነበረም። መሰላል ላይ ያለ ሰው ግን ለመውደቅ መደንገጥ ይበቃዋል። ወደቁ፤ ቀኝ እጃቸው ከሰውነታቸው ሥር ገባ።

ሐኪም ቤት ካደረስናቸው በኋላ ማኑዋሉን አወጣሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሲጠፋ የሚያልፍ ከረንት፦ 5 ሚሊአምፔር» ይላል። ከውስጥ ካለው ማብሪያ ጎን የተገጠመ ካፓሲተርና ሬዚስተር አለ፤ ሪሌዩን ከቮልቴጅ ዝላይ የሚጠብቅ። 220 ቮልቱ በዚያች ቀዳዳ ሁልጊዜ ይፈሳል። መብራቱን ነቅላችሁ በሜትር ብትለኩ ሙሉ ቮልቴጅ ሊያሳያችሁ ይችላል። ይሄ ሁሉ እጄ ላይ ነበር። አላነበብኩትም።

ከዚያ ሪፖርት ጻፍኩ። «የአደጋው ምክንያት፦ የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት።» እጃቸው በጄሶ ታስሮ ሳለ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

እናንተ የዛሬ ልጆች ማኑዋል አታነቡም፣ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ፓኔል ትከፍታላችሁ እያልኩ አማርራለሁ። ግን እኮ ያ ልጅ ጠየቀኝ። እኔ ማንንም አልጠየቅኩም።

ለማንኛውም፣ ለጠየቀኝ ልጅ የጻፍኩለትን እነሆ። መጀመሪያ፣ ለአንዲት መብራት ኤስኤስአር ለምን አስፈለገህ? በቀን አሥር ጊዜ ለምትበራ ትንሽ ተራ ሪሌይ ትበቃለች። 24 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) ኤልኢዲ ከሆነማ የፒኤልሲው ትራንዚስተር አውትፑት (መውጫ) ራሱ ያበራታል። ብልጭ ድርግም ለሚል ግን አሁንም ኤስኤስአር ነው የምመርጠው፤ በዚህ አልተጸጸትኩም። ስትገዛ ትልቁን አትምረጥ። ባለ 40 አምፔሩ ለአምስት ዋት መብራት አይሆንም፤ ለመሥራት የሚፈልገውን ዝቅተኛ የጭነት ከረንት ተመልከት። ካፓሲተር የሌለበት ካገኘህ እሱን ውሰድ። ለኤሲ (ለተለዋዋጭ ከረንት) የተሠራውን ኤስኤስአር ዲሲ ላይ አትግጠም፤ አንዴ ከበራ ትእዛዝህን አይሰማም። ኤስኤስአሩ የሚያቋርጠው ፌዙን (ኃይል ያለውን ሽቦ) ይሁን፣ ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) በቀጥታ ወደ መብራቱ ውሰድ።

ያለውን ማዳን ካለብህ ከመብራቱ ጎን ሬዚስተር ግጠም። ለ5 ሚሊአምፔር 4.7 ኪሎኦም ብታደርግ ሲጠፋ መብራቱ ላይ የሚቀረው 24 ቮልት አይሞላም። ሲበራ ግን 10 ዋት ይበላል፤ ስለዚህ ባለ 20 ዋት ሴራሚክ ግዛ፣ ከኬብል አርቀህ እሰር። ኤስኤስአር ሲሞት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ነው የሚሞተው። ብሬከር አውርዱ የሚለውን አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ ልል ነበር። እኔም አውቀው ነበር።

ጋሼ በኋላ በር ጥበቃ ተደረጉ። መፍቻ መያዝ አልቻሉም፤ ሰላም የሚሉኝም በግራ እጃቸው ሆነ። ስለ ሪፖርቱ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ስገባ ግን ፈገግ ብለው «ኢንጂነር፣ ያ መብራት ጠፋ?» ይሉኛል።