አቻ ያጎረሰኝ ልጅ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ስደምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ከሰዓቴ የሚያልፈው ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል ቼዝ እንጫወታለን። እዚያ ሰፈር ከኔ የሚሻል የለም ይላሉ። እኔም አምኜ ነበር።

ባለፈው አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊቴ ቁጭ አለ። የድሬ ልጅ አንቱ አይልም፤ «አቦ ደርድር!» አለኝ። ደረደርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ግማሽ ዓይኔ ሻዬ ላይ፣ ግማሹ መንገደኛ ላይ ነበር። ድንገት ፈረሱን ንጉሤንና ሩኬን (ግንቡን) አንድ ላይ የሚያጠቃበት ቦታ ላይ ጣለው። ንጉሤን አሸሸሁ፣ ሩኬን በላ። ከዚያ በኋላ ቦርዱ የሱ ነበር።

ያኔ ልጁ ተለወጠ። እጁ ወደ ወታደሩ ይሄድና ይመለሳል። ቦርዱን ትቶ ፊቴን ያያል። ሦስት ሰው ቆሞ ይመለከተናል። «አቻ ይሁን?» አለኝ ቀስ ብሎ።

በአፉ አንቱ ያላለኝ ልጅ፣ በጠጠሮቹ አንቱ አለኝ። እኔስ? ቆጭቶት ሐሳቡን እንዳይለውጥ ብዬ እጁን ቶሎ ጨበጥኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የቼዝ ተጫዋቾችን ብቃት በነጥብ የሚለካ የኢሎ ስሌት የሚባል አለ፤ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። በዚያ ስሌት በ400 ነጥብ ከሚበልጥህ ጋር 10 ጊዜ ብትጫወት፣ ከጨዋታዎቹ የሚጠበቅልህ 1 ነጥብ ገደማ ናት። ማሸነፍ 1፣ አቻ ግማሽ። ትንሽ ናት፣ ግን ዜሮ አይደለችም። ልጁ ያቺን አንዷን አግኝቶ፣ ከሁለት ቆርሶ ግማሿን አጎረሰኝ።

የአያቶቻችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ሲከፈት ወረራ የሚባል ነገር ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። እዚያ ማን ይሉኝታ ያውቃል!

ልጁን ግን አልፈርድበትም። ጀማሪ ሳለሁ አለቃዬ የደመረው ላይ ስህተት አይቼ «እሱ ይሳሳታል እንዴ?» ብዬ ዝም ብያለሁ። ሁላችንም ሁለት ሳምንት አምሽተን እንደገና ደመርን። ማየቱን አይቼ ነበር፤ ቁጥሩን ትቼ የሰውዬውን ፊት አመንኩ። እናንተ ቦርዱን እመኑ። ታላቃችሁ ቢያኮርፍ ያኩርፍ፣ ራሱ ይወጣዋል።

የጨዋታውን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ቅዳሜ እዚያው ዛፍ ሥር፣ ከቆመበት ደርድሬ እጠብቀዋለሁ። ተራው የሱ ነው።