ከማርቆስ ሆኜ በስልክ ስለመሸጥ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በርበሬ፣ ማር፣ ቅቤና ጋቢ በቴሌግራም መሸጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከቡሬም ከሞጣም ከባሕር ዳርም ብዙ መጣልኝ። የምችለውን እነሆ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ በርበሬ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። አንድ ልጅ ድረ ገጽ ልሥራልሽ ብሎ ብዙ ብር ጠየቀኝ። ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አሁን አያስፈልግሽም እታለም። በቴሌግራም ቻናል ጀምሪ። ቲክቶክ የማያውቅሽን ሰው ያመጣልሻል፣ ቻናሉ ደግሞ የመጣውን ይይዝልሻል። ድረ ገጽ የሚያስፈልገው ትዕዛዙ በዝቶ በእጅ መቁጠር ሲያቅትሽ ነው። ያኔ እንደ ቻፓ ያለ የክፍያ መንገድ ታስገቢበታለሽ። የልጁን ብር ለጥሩ ማሸጊያና ለሚዛን አውዪው።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ቲክቶክ ላይ ተከታይ ሞልቶኛል፤ ገዢ ግን የለም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገጽሽን አየሁት። ሥራሽ በጣም ያምራል። ግን አንድም ቦታ ዋጋ የለም! ሰው "ስንት ነው?" ይልሻል፣ አንቺ "በውስጥ መስመር" ትያለሽ። እባክሽ ይህን ተይው። ዋጋ ሲደበቅበት ሰው "ማንነቴን አይታ ልትጠራብኝ ነው" ብሎ ያስባል። ገበያ ላይ ቢሆን ጋቢውን ይዳብሳል፣ ይከራከራል፣ ትቶ ሲሄድም ይጠሩታል፤ ስልክ ላይ ግን በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርግሽና ሌላ ቪዲዮ ውስጥ ይገባል፣ በቃ፣ አትመልሺውም።

ማድረሻውንም አብረሽ ጻፊ። ቤይማርድ የሚባለው የዴንማርክ የጥናት ተቋም ለዓመታት ሲከታተል፣ ድረ ገጽ ላይ ዕቃ መርጠው ጋሪ ውስጥ ከሚያስገቡ ከ10 ሰዎች 7 ያህሉ ሳይከፍሉ ይወጣሉ። ዋናው ምክንያት መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል ጭማሪ ነው፦ ማድረሻ፣ ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ። እኛም ጋ ያው ነው። "1 ጋቢ ይህን ያህል፣ ቦሌ ድረስ ይህን ያህል" ብለሽ በአንድ መስመር ጨርሺው።

ሌላው፣ ገዢሽ መዳሰስ ስለማይችል አንቺ ዳስሺለት። አራቱን ድርብ እየገለጥሽ አሳዪ። ጥለቱን ቀርበሽ ቅረጪ። የሸማኔውን እጅ አሳዪ፣ ሙዚቃውን ቀንሰሽ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማ። እኔ ከለፋሁበት ማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ የሸጠልኝ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ነው።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ማርና ቅቤ አለኝ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይፈልገኛል፣ መንገዱን ግን ፈራሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ መፍራትዎ ልክ ነው። እኔም አንድ ጊዜ 5 ኪሎ ቅቤ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥቼ ላክሁ። ተረካቢዋን በሰዓቱ አልደወልኩላትም ነበር። ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ቆሞ ዋለ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ከሰው ሻንጣ ላይ ፈሰሰ። ብሩንም መለስኩ፣ የሻንጣውንም ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ቅቤ የምልከው ሌሊት በሚነሣ መኪና፣ ክዳኑ በጠበቀ ባልዲ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አስሬ ነው። የታርጋውን ቁጥርና የረዳቱን ስልክ ለተረካቢው አስቀድሜ እልካለሁ። የታሸገውንም ፎቶ አነሣለሁ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእርስዎ ደግሞ ይርቃል፣ ስለዚህ ባልዲው ላይ አይቆጥቡ።

ማሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ማር ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የከተማ ሰው ይህን ሲያይ "ስኳር አለበት" ይላል። ሳይጠየቁ በፊት የረጋውን ማር ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ሲላላ በቪዲዮ ያሳዩ። የልጅ ልጅዎ ይቅረጽልዎ።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ ፌስቡክ ላይ ቡስት ማድረግ (ከፍሎ ፖስቱን ለብዙ ሰው ማሳየት) ያዋጣል? ዋጋው ሰማይ ነካብኝ።

መልስ፦ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ100 ብር አለፈ። ያው ማስታወቂያ በብር እጥፍ ሆነብህ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በነጻ ለጥፍ፤ ሰው ራሱ ዋጋ የጠየቀበትን ፖስት ብቻ ለይተህ በትንሽ ብር ሞክር። ማንም ያላየውን ፖስት በብር ብትገፋው ያው ማንም አይገዛህም።

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ፦ ከፍያለሁ ብሎ ስክሪንሾት ላከ፣ ዕቃውን ላክሁ፣ ብሩ ግን አልገባም።

መልስ፦ አዝናለሁ ወንድሜ። ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም፣ በስልክ ላይ በደቂቃ ይሠራል። የቴሌብር ከሆነ መልእክቱ ከ127 መምጣቱን እይ፣ ከዚያም ሒሳብህን ራስህ ክፈትና ቀሪውን ተመልከት። የንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር ጠይቅና ከሒሳብህ ጋር አመሳክር። ገዢው "ቶሎ በል፣ መኪናው ሊሄድ ነው" እያለ ሲያጣድፍህ ደግሞ ይበልጥ ቀስ በል። ዕቃው ነገም ይሄዳል።

ጥያቄ፣ ከመራዊ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደንበኞቼ ሁሉ ይጠፋሉ።

መልስ፦ ይህ የእኛ አካባቢ ትልቁ ቁስል ነው፣ እኔንም አድክሞኛል። መድኃኒቱ ደብተር ነው። የእያንዳንዱን ገዢ ስልክ፣ ምን እንደገዛና መቼ እንደገዛ ጻፍ። ዳታ ሲጠፋ ጥሪና አጭር መልእክት ከሠራ ሥራህ አይቆምም፤ በ*127# ያለ ኢንተርኔት መክፈል ይቻላል። ቻናልህ ቢሰረቅም ደብተርህ ይተርፋል።

ጥያቄ፣ ከቢቸና፦ ጽሑፉን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ባጽፈውስ?

መልስ፦ ለሐሳብ ጥሩ ነው። ግን ፎቶውን በኤአይ አታሠሪ፤ የደረሰው ዕቃ ከፎቶው ከተለየ ደንበኛሽ ሁለተኛ አይመለስም።

ጥያቄ፣ ከደጀን፦ መቼ መቼ ነው መለጠፍ ያለብኝ? ጠዋት ነው ማታ?

መልስ፦ ሰዓቱን ተወውና ጾሙን ተከተል። በሁዳዴ 55 ቀን ቅቤ ብትለጥፍ ማን ያይሃል? ያኔ ሽሮ፣ ተልባ፣ ኑግና በርበሬ አውጣ። ከገብር ኄር ጀምረህ የፋሲካን ቅቤ ትዕዛዝ ተቀበል፣ ግማሽ ክፍያ ያዝ፣ ለኒቆዲሞስ ትዕዛዙን ዝጋ። ሆሳዕና ካለፈ መናኸሪያው በሰው ስለሚጨናነቅ ዕቃህን የሚጭንልህ ረዳት አታገኝም። እኔ ዘንድሮም በኒቆዲሞስ ሳምንት ነው የምልከው።