አድራሻ ቁጥር ነው እንጂ ፊደል አይደለም

የኔትወርክ ሙያ ለጀመራችሁ ልጆች፦

ሐዋሳ ውስጥ ገመድ ስዘረጋና ሰርቨር ሳዋቅር ፀጉሬ ሸብቷል። ልመክራችሁ የምችለው ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን ያሳፈረችኝን አንዲት ስሕተት ብቻ ልንገራችሁ።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ዋይፋዩን በራዲየስ ሰርቨር እንዳደራጅለት ጠየቀኝ። ራዲየስ ስምና የይለፍ ቃል ተቀብሎ "ይግባ" ወይም "አይግባ" ብሎ የሚፈርድ ነው፤ ጥያቄውን የሚቀበለው በፖርት 1812 (ፖርት የሰርቨሩ በር ቁጥር በሉት) ነው። የቢሮው አክሰስ ፖይንቶች (ዋይፋዩን የሚያሰራጩት መሣሪያዎች) የአይፒ አድራሻ በ10.20.1 ይጀምር ስለነበር "በ10.20.1 ከጀመረ ወደ ሠራተኞች ኔትወርክ አስገባ" የሚል ደንብ ጻፍኩ። ሠራ። ሒሳቤን ተቀብዬ አሞራ ገደል ወረድኩና ዓሣዬን በላሁ።

ከወራት በኋላ ሆቴሉ አዲስ ሕንፃ ከፈተ፤ የእንግዶቹ አክሰስ ፖይንቶች በ10.20.14 ተመደቡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ እንግዳ "የሒሳብ ክፍሉ ማተሚያ ስልኬ ላይ ይታየኛል" ብሎ ተናገረ። ለካ ሰርቨሩ የሚያነጻጽረው ፊደል በፊደል ኖሯል! 10.20.14 በ10.20.1 ይጀምራል፤ 10.20.100ም እንዲሁ። ቀበሌ 1 ሂድ ሲሉት የ10ንም የ14ንም ሰው ሰብስቦ እንደሚመጣ ተላላኪ ማለት ነው።

"መጨረሻው ላይ ነጥብ ብትጨምርስ?" ትሉኝ ይሆናል። ለዚያ ሆቴል ይበቃ ነበር። ነገ ግን 10.20.32.0/20 የሚባል የአድራሻ ክልል (ሰብኔት) ይሰጣችኋል፤ ያን ጊዜ ነጥብ አያድናችሁም። አድራሻው 32 ቢት ያለው አንድ ቁጥር ነው። /20 ማለት የመጀመሪያዎቹ 20 ቢቶች ከገጠሙ የቀሩት 12 እንደፈለጉ ይሁኑ ማለት ነው፤ በጠቅላላው 4096 አድራሻ። ወረቀት አውጡ። በነጥብ ከተለዩት ክፍሎች ሦስተኛው በ16 በ16 ይራመዳል፦ 0፣ 16፣ 32፣ 48። ስለዚህ 10.20.37.9 ውስጥ ነው፤ 10.20.50.9 ውጭ ነው። "በ10.20.3 የሚጀምር" ብትሉ ግን ከ40 እስከ 47 ያሉትን ትጥላላችሁ፤ የማይመለከተውን 10.20.3ን ደግሞ ታስገባላችሁ። ፍሪራዲየስ 3 የተባለው የራዲየስ ሰርቨር ሶፍትዌር አድራሻን ከሰብኔት ጋር በቁጥርነቱ ማነጻጸር ያውቃል፤ እዚያ "ያንሳል" የሚለው ምልክት (<) "በውስጡ ይገኛል" ማለት ይሆናል። ይህን ቀድሜ ባነብ ኖሮ ደብዳቤውም ባላስፈለገ።

ሌላም አለ። መሣሪያው ስለ ራሱ የሚናገረው አድራሻና ጥያቄው በእርግጥ የመጣበት አድራሻ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ መሐል አድራሻ የሚቀይር ራውተር ካለ ይለያያሉ። ደንባችሁ የትኛውን እንደሚያይ እወቁ። ሰርቨሩ የማያውቀው መሣሪያ ሲጠይቀው ደግሞ "አይግባ" እንኳ አይልም፤ ዝም ይላል። ስንት ወጣት ያን ዝምታ ሳይረዳ የይለፍ ቃል ሲቀያይር እንደሚያመሽ አይቻለሁ።

ስትፈትኑ መሐሉን አትፈትኑ፤ መሐሉ ሁልጊዜ ይሠራል። 10.20.31.255ን፣ 10.20.32.0ን፣ 10.20.47.255ን፣ 10.20.48.0ን ሞክሩ። እኔ ይህን ያደረግሁት ሆቴሉ ተመልሼ፣ ያለ ክፍያ፣ ቅዳሜ ሌሊት ነው። የሒሳብ ክፍሉ ሹም እስከ ዛሬ በበሩ ሳልፍ ካየኝ እየሳቀ ማተሚያውን ከሶኬት ይነቅላል።