ደብዳቤውን ሻንጣ ውስጥ የከተተ ሰው ምክር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ልጅ ሻንጣ ስታዘጋጅ ደረስኩ። በሚቀጥለው ወር ለማስተርስ ውጭ አገር ትሄዳለች። አልጋው በልብስ ተሸፍኗል። ሦስት ካፖርት ቆጠርኩ። ሻንጣውን ሚዛን ላይ ታወጣለች፣ ጫማ ትቀንሳለች፣ መልሳ ትጨምራለች።

«የመግቢያ ደብዳቤሽስ?» አልኳት።

«ስልኬ ላይ አለ ጋሼ።»

ስልኩን አየሁት። 4 ፐርሰንት።

ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በምህንድስና ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ወጣት ባልደረቦቼን ለትምህርት ሸኝቻለሁ። ሁሉም የሚጨነቁት ስለ ኪሎ ነው። የሚቸገሩት ግን በወረቀትና በገንዘብ ነው፤ ያውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት።

እኔም በጊዜዬ ለትምህርት ውጭ ስሄድ ከነሱ አልሻልም ነበር። ደብዳቤዬ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ሹራብ መሀል ሸጎጥኩት። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ «ደብዳቤህን አሳየኝ» አለኝ። ሻንጣው ከመስታወቱ ወዲያ ነው፣ እኔ ከወዲህ። ጎን ያለች ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ እሱን ሳይ ቆየሁ። ኋላ ትምህርት ቤቱ ጋ ደውለው አጣርተው ለቀቁኝ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ላቤ ግን ሸሚዜን አልፎ ኮቴ ላይ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ወረቀት የሚቀመጠው በእጅ ቦርሳ ነው። ፓስፖርት፣ የመግቢያ ደብዳቤ፣ የገንዘብ ማስረጃ፣ ኢንሹራንስ፣ የክትባት ካርድ፣ የምታርፉበት አድራሻ። ሁሉም ታትሞ፣ ኮፒው ደግሞ ኢሜይላችሁ ውስጥ። ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁን አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ፈርማችሁ ያዙ። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ፣ ቅጹ ላይ ከተጻፈው የትምህርት መጀመሪያ ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት እንደማይቻልም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እወቁ። ወደ እንግሊዝ ለምትሄዱ ጉዳዩ ሌላ ነው። የፕላስቲኩ የነዋሪነት ካርድ ቀርቶ ቪዛው ኢንተርኔት ላይ ያለ አካውንት ሆኗል። ፓስፖርታችሁ ከአካውንቱ ጋር መያያዙን ሳትሳፈሩ አረጋግጡ።

ስማችሁንም እዩት። በፓስፖርቱና በዲፕሎማው ላይ አንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ የማስተካከያው ጊዜ አሁን ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ያቺ ፊደል ወራት ትፈጅባችኋለች።

አሁን ወደ ገንዘብ ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ይበቃኛል?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ገንዘቡ መቼ እጄ ይገባል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ጀርመንን ውሰዱ። ብዙ ተማሪ ለቪዛ ብሎ ብሎክድ አካውንት የሚባለው፣ በአንዴ የማይወጣ ሂሳብ ውስጥ 11,904 ዩሮ ያስቀምጣል። በወር የሚለቀቅለት 992 ነው። እሱም ቢሆን እዚያ የራሱን የባንክ ሂሳብ እስኪከፍት ይጠብቃል። ቤት አከራዩ ደግሞ መያዣ ይፈልጋል፤ ሕጉ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ድረስ ይፈቅድለታል። ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ አለባችሁ። ለምዝገባው ደግሞ አከራዩ የፈረመው ወረቀት ያስፈልጋል። እንግዲህ ገንዘብ አለኝ ያለው ልጅ መንገድ ላይ ቆሞ ምሳ ሊቸግረው ይችላል። ለመጀመሪያው ወር የሚሆን፣ ከማንም ፊርማ የማይጠብቅ ገንዘብ ለብቻው ያዙ። የተወሰነው በካርድ፣ ትንሹ በጥሬው ይሁን።

«ሠርቼ እከፍለዋለሁ» የሚል ሒሳብ ደግሞ ያስፈራኛል። ካናዳ በትምህርት ወቅት ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ትፈቅዳለች፣ አውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ከአገሩ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አንብቡት፣ ከጓደኛ አትስሙ። ቢፈቀድም ሥራው በደረሳችሁ ማግስት አይገኝም። የሥራ ደመወዝ ለኪስ እንጂ ለቤት ኪራይ አትመድቡት።

ቤት ሳታዩ መያዣ አትላኩ። «እኔ አሁን ሌላ አገር ነኝ፣ ገንዘቡን ላክና ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሌባ ነው በሉት። ፎቶው ማማሩ ምንም ማለት አይደለም። የተማሪዎች መኖሪያ ካላገኛችሁ ለሁለት ሳምንት ጊዜያዊ ማረፊያ ያዙና ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በኔ ጊዜ ስላልነበረ ከወጣቶች ነው የተማርኩት። ባንካችሁ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በአሮጌው ሲም ነው። ያንን ሲም አውጥቶ የጣለ አንድ ልጅ ከገዛ ሂሳቡ ተቆልፎበት ሰነበተ። አሮጌው ቁጥር ውጭም መልእክት መቀበሉን አረጋግጡ፣ ወይም ኮዱ በአፕሊኬሽን እንዲሆን ሳትሄዱ ቀይሩት።

መድኃኒት የምትወስዱ ከነማሸጊያው፣ የመድኃኒቱ መጠሪያ ከተጻፈበት የሐኪም ማዘዣ ጋር ያዙ። እዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ እዚያ ክልክል ሊሆን ይችላል። ጃፓን ለምሳሌ ሱዶኤፌድሪን የበዛባቸውን የጉንፋን መድኃኒቶች አታስገባም። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ቻርጀራችሁ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍም አንብቡ። «100–240» ቮልት የሚል ከሆነ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። የፀጉር ካውያ ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ አይጻፍም፤ 230 ቮልት ብቻ የሚለውን 120 ወዳለበት አገር ብትወስዱት በደንብ አይሞቅም፣ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ይቃጠላል። እሱን ቤት ተዉት። አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ክተቱ፤ ሻንጣ አንዳንዴ ከባለቤቱ ዘግይቶ ይደርሳል።

የጓደኛዬ ልጅ ትናንት ደወለችልኝ። ወረቀቶቿን አሳትማ በፕላስቲክ ፋይል አድርጋ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታለች። ሲሟንም አስተካክላለች።

«ካፖርቶቹስ?» አልኳት።

ዝም አለች። ሦስቱም አሉ ማለት ነው።