ክፍት የአየር ማጣሪያ ለፒክአፕ ጉልበት ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ቱርቦ የሌለው፣ 5ኤል የሚባል ናፍጣ ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ዕቃ ጭኜ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ጉልበት ያንሰዋል፤ ጥቁር ጭስም ይተፋል። የፋብሪካውን የማጣሪያ ሣጥን አስወጥቼ ሾጣጣውን ክፍት ማጣሪያ ባስገጥም ለውጥ ይኖረዋል? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ባያስገጥሙ ይሻላል። የሞተሩ ድምፅ ይጎላል እንጂ ዳገቱ አይቀልልዎትም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ሐረማያ ሲደርሱ 2,000 ሜትር አካባቢ ነዎት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው የናፍጣ ፖምፓ ግን ታች የሚረጨውን ናፍጣ እላይም ይረጫል። አየር ያጣው ናፍጣ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህን የሚያካክስ ማጣሪያ የለም።

ሙቀቱም አለ። የፋብሪካው መሳቢያ አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚወስደው ከኮፈኑ ውጪ፣ በፓራፋንጎ በኩል ነው። ክፍቱ ማጣሪያ ግን የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል። ሙቀት በ3 ዲግሪ ሲጨምር አየሩ 1 በመቶ ያህል ይሳሳል። ውጪው 35፣ ኮፈን ውስጥ 60 ዲግሪ ከሆነ 8 በመቶ ገደማ አየር አጡ ማለት ነው። በዚያ ላይ አቧራ አለ፦ ጥራቱ ዝቅ ያለ ማጣሪያ የሚያሳልፈው ደቃቅ አሸዋ ሲሊንደሩንና የፒስተን ቀለበቶቹን ይበላል፤ ከዚያ ሞተሩ ዘይት ማቃጠል ይጀምራል።

ይልቅ ያለውን ይፈትሹ። የወረቀት ማጣሪያውን አውጥተው ጨለማ ቦታ ውስጡ አምፖል ያብሩ። ብርሃኑ እኩል ካላለፈ ታፍኗል፤ በአንድ ነጥብ ቦግ ካለ ተቀዷል፤ ሁለቱም መቀየር አለባቸው። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጪ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት ይሁን። ቀጥሎ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። አቧራ ከያዘ አየር ሳይጣራ እየገባ ነው፦ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም የደረቀ የሣጥን ጎማ ይፈልጉ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ጭሱ ታችም ካልጠፋ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች በመሞከሪያ ማሽን ይታዩ፤ የባልቦላ ክፍተትና ፖምፓው ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜ ይስተካከል። ጉልበት እንዲያገኝ ፖምፓውን እንክፈተው፣ ናፍጣ ይጨምር የሚል መካኒክ ቢያጋጥምዎት እሺ እንዳይሉ፤ ጭሱን ይጨምራል፣ ሞተሩንም ያግላል። ዳገቱን ማርሽ ቀንሶ፣ ጭነቱንም መኪናው በተፈቀደለት ልክ አድርጎ መውጣት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ደግሞ ባለ ቱርቦ ዲ-ፎር-ዲ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው ነው። ዘይት የሚቀባ የጨርቅ ማጣሪያ ካስገባሁ ወዲህ የሞተር መብራት በራ። (ከሐረር)

መልስ፦ ዘይቱ ሲበዛ የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ንባቡም ይዛባል። ለሴንሰሩ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ያጽዱ፤ በእጅም በጨርቅም አይንኩት። በደንብ ሲደርቅ ይግጠሙት፤ የወረቀት ማጣሪያውንም ይመልሱ። የስህተት ኮዱ ተሰርዞ መብራቱ ተመልሶ ከበራ ሴንሰሩ ይለካ።