ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር መከላከያ፦ የጠየቃችሁትና መልሱ

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፤ ምንም አያመኝም። ታዲያ ለምን ልመርመር?

መልስ፦ ትክክለኛው ጊዜ የማያምዎት ጊዜ ነው። አብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል፣ በአንጀቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ ከሚበቅል ትንሽ እባጭ ነው። ፖሊፕ ሁሉ ካንሰር አይሆንም፤ የሚሆነውም ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በዚህ መሃል ተገኝቶ ከተቆረጠ ከዚያ ፖሊፕ ካንሰር አይመጣም። ምርመራውን ከምግብም ከእንቅስቃሴም የማስቀድመው ለዚህ ነው። የአሜሪካ መመሪያ የመነሻ ዕድሜውን እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 አውርዶታል፤ 50 ላይ የቆዩ አገሮችም አሉ። እስከ 75 ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጤናዎ ሁኔታ ከሐኪም ጋር ይወሰናል።

ጥያቄ፦ ኮሎኖስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀቱን ከውስጥ የሚያየው ምርመራ፣ ያስፈራኛል። የሰገራ ምርመራ አይበቃኝም?

መልስ፦ በየዓመቱ ካላቋረጡት ይበቃል። ኤፍ አይ ቲ የሚባለው ምርመራ ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ይፈልጋል። ፖሊፕ ደግሞ ሁልጊዜ አይደማም፤ ስለዚህ አንዴ አድርገው ቢተዉት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ንጹሕ የወጣ ኮሎኖስኮፒ ግን 10 ዓመት ያሳርፋል።

ናሙናው ላይ ስሕተት ይበዛል። ሰገራው የሽንት ቤቱን ውኃ ሳይነካ በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉት፤ ከመመርመሪያው ጋር በምትሰጠው እንጨት ጫፍ ከተለያየ ቦታ ላይ ላዩን ጫር ጫር ያድርጉ፤ ከተባለው በላይ አይጨምሩ። የወር አበባ ላይ ሆነው ወይም ኪንታሮት እየደማ አይውሰዱ። ናሙናው ሙቀት ውስጥ ከዋለ የደሙ ፕሮቲን ይፈርስና ደም እያለ የለም ይባላል። ምግብ መተው አያስፈልግም፤ ሥጋና ቫይታሚን ሲ የሚከለከሉት በድሮው፣ ጓያክ በሚባለው ምርመራ ነው።

ጥያቄ፦ ደም ተገኘብህ ተባልኩ። ኪንታሮት ስላለብኝ ይሆናል፤ ልድገመው?

መልስ፦ አይድገሙት። ሁለተኛው ንጹሕ ቢሆን የመጀመሪያውን አይሰርዘውም፤ ኪንታሮትና ፖሊፕ አንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ። ቀጣዩ ኮሎኖስኮፒ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮሎኖስኮፒ በፊት የሚጠጣው የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት ያንገሸግሸኛል። ሁሉንም መጠጣት ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ ነው። ሰገራ የሸፈነውን ፖሊፕ ሐኪሙ አያየውም፤ በቀኝ በኩል ያሉት ጠፍጣፋዎቹ በተለይ ያመልጣሉ። በደንብ ካልጸዳ በዓመት ውስጥ እንደገና ይቀጠራሉ። ከምርመራው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ፍሬ፣ ልጣጭና ጥራጥሬ ይተዉ። የብረት እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ከሳምንት ገደማ በፊት ያቁሙ፤ ሰገራውን ያጠቁረዋል። ደም የሚያቀጥን ወይም የስኳር መድኃኒት ካለዎት ግን በራስዎ አያቁሙ፤ አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ።

ማጽጃውን በሁለት ከፍለው መጠጣት ከሁሉ ይሻላል፤ ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ከቀጠሮው ሰዓት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብለው። የመጨረሻዋ ጉንጭ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀር ታልቅ። ቀዝቅዞ በስትሮ ሲጠጣ ይቀልላል። ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መጠጥ ግን አይሆንም፤ ደም ይመስላል። በመጨረሻ የሚወጣው እንደ ሽንት ቢጫና ጥርት ያለ ከሆነ ጸድተዋል። ቡናማና ድፍርስ ከሆነ ለምርመራው ክፍል ደውለው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ አባቴ በ48 ዓመቱ ይህ ካንሰር ተገኘበት። እኔስ?

መልስ፦ ለእርስዎ 45 ዘግይቷል። ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ከታመመ በ40 ዓመት፣ ወይም ዘመድዎ ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀንሰው፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ይጀመራል። የእርስዎ 38 ነው ማለት ነው፤ በኮሎኖስኮፒ፣ በየ5 ዓመቱ። በቤተሰቡ ውስጥ ብዙ ሰው ከታመመ፣ ወይም የማኅፀን ግድግዳ ካንሰርም ካለ፣ ሊንች ሲንድሮም ስለሚባለው የዘር ችግር ይጠይቁ። እሱ ያለባቸው ከ20 እስከ 25 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ ሥጋ ጨርሼ ልተው?

መልስ፦ መተው አያስፈልግም። በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ይበቃል። ጠበቅ የሚደረገው እንደ ቋሊማ ያለው፣ በጨው፣ በጭስ ወይም በኬሚካል የተዘጋጀው ሥጋ ላይ ነው፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት ሥጋቱን በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ ግን ከመቶ ሰው 18 ይታመማል ማለት አይደለም፤ የነበረው ሥጋት በአንድ አምስተኛ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። አሰር (ፋይበር) በቀን ወደ 30 ግራም ይድረስ፤ ከጥራጥሬና ካልተፈተገ እህል። በአንድ ቀን አይዝለሉበት፤ ሆድ ይነፋል፤ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ውኃም ያብዙ። ሲጋራ፣ መጠጥና የወገብ ስብም ሥጋቱን ይጨምራሉ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ አስፕሪን ይከላከላል ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ ሊንች ሲንድሮም ላለባቸው ጥቅሙ ታይቷል። ለሌላው ሰው የጨጓራና የአንጀት መድማት ስለሚያስከትል በራስዎ አይጀምሩት።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፤ አልፎ አልፎ ደም አያለሁ። 45 እስኪሞላኝ ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። ያ የዕድሜ ወሰን ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ደም፣ ለሳምንታት የዘለቀ የሰገራ ለውጥ፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ፣ በየትኛውም ዕድሜ ሐኪም ጋ ያስኬዳሉ። «ኪንታሮት ነው» ከተባሉም፣ በእጅ ወይም በመሣሪያ ታይቶ የተባለ መሆኑን ይጠይቁ።