መልስ፦ ለዊልቸርና ለከዘራ የሚስማማ ወለል የቱ ነው?

እናትህ አንዴ በዊልቸር አንዴ በከዘራ ስለሚንቀሳቀሱ፣ «ከሴራሚክና ከወፍራም ምንጣፍ የቱ ይሻላል?» ላልከው፣ እኔን ከጠየቅከኝ ሁለቱም አይደሉም።

ወፍራም ምንጣፍ ያምራል፤ ግን የዊልቸር ጎማ ይሰምጥበታል። ገፊውም ተገፊውም ይደክማሉ። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ደግሞ ጠብታ ውሃ ካገኘ ያው በረዶ ነው። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት በደንብ የተለጠፈ፣ ገጹ ሻከር ያለ ቪኒል (የፕላስቲክ ወለል ንጣፍ) ምረጥ። ጎማው በቀላሉ ይንከባለልበታል፤ ለእግርም እንደ ሴራሚክ አይቀዘቅዝም።

ለመታጠቢያ ቤት የማያብረቀርቅ ትንንሽ ሴራሚክ ይሻላል፤ ፉጋው (በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መስመር) ሲበዛ እግር ይይዛል። ከመግዛትህ በፊት ናሙናው ላይ ውሃ አፍስስና በእጅህ ሸርተት አድርገው። ሳሙናም ጨምርበት፤ ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደፉን ነው። ከክፍል ወደ ክፍል ሲታለፍ ያለው ከፍታ ከ13 ሚሊሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከ6 ካለፈም ጠርዙ ተዳፋት ይሁን። የዊልቸር የፊት ጎማ ትንሽ ስለሆነ ቀጥ የሚለው እዚያ ላይ ነው።

የበር ሥር ምንጣፏን ጨምሮ ተነቃይ ምንጣፎችን በሙሉ አንሳቸው። የከዘራውን ጫፍ ጎማም እየው፤ ካለቀ ቀይርላቸው።